ከአበባው ሥር፣ ከውኃው በታች

ሚያዝያ ሲገባ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከኮሎምቢያ ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ የተነሣው ተረተር ቢጫና ወይን ጠጅ ይለብሳል። ቢጫው ባልሳምሩት የተባለ አበባ ነው፤ በዕፅዋት ምደባ ከአደይ አበባና ከኑግ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል። ወይን ጠጁ ሉፒን ደግሞ የጎጃሙ ግብጦ የቅርብ ዘመድ ነው። ከሲያትል ወይም ከፖርትላንድ ለሽርሽር የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ሜዳው እንግዳ ባይሆንበት አይገርምም።

ቦታው ኮሎምቢያ ሂልስ ታሪካዊ ፓርክ ይባላል። ከፖርትላንድ ወደ ምሥራቅ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ዳገት የማይፈራ ሰው በፊት የከብት እርባታ ወደነበረው ከፍታ ይወጣል፤ አበባው በብዛት ያለው እዚያ ነው። ጉልበቱን ለሚቆጥብ ግን ውኃው ዳር ያለው አጭርና ደልዳላ መንገድ ይበቃል። ረጅም ሱሪ መልበስ ይመከራል፤ ሣሩ ውስጥ መዥገር አለ፣ መርዘኛ እባብም አይጠፋም። ነፋሱ ኮፍያ ያስጥላል።

ይህ ነፋስ በአንድ ወቅት የአገሬው ሀብት ነበር። በወንዙ ዳር የኖሩት የዊሽራም ሰዎች ሳልመን አጥምደው በነፋሱ ያደርቁታል፣ ወቅጠው በቅርጫት ይጠቀጥቁታል። እንዲህ የተሰናዳ ዓሣ ሳይበላሽ ይከርማል፣ ሩቅም ይጓዛል። በልዋጩ ከውቅያኖስ ጠረፍ ዛጎል፣ ከምሥራቁ ሜዳ የጎሽ ቆዳ፣ ከእሳተ ገሞራ አካባቢዎች ደግሞ ለስለት የሚሆን ጥቁር የመስተዋት ድንጋይ ይመጣ ነበር። አሳሾቹ ሉዊስና ክላርክ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1805 በዚህ ሲያልፉ የደረሱት ትልቅ ገበያ ላይ ነው።

የአበባ መመሪያዎች ስለ ባልሳምሩት ብዙ ያወራሉ። ለነባሮቹ ሕዝቦች ግን ይበልጥ የሚከበሩት መሬት ላይ ተለጥፈው የሚበቅሉት፣ ለመንገደኛ ዓይን እዚህ ግባ የማይባሉት የሎማቲየም ዝርያዎች ናቸው። ከካሮት ወገን ሲሆኑ የሚፈለገውም ሥራሥሩ ነው። ሴቶች በጸደይ በመቆፈሪያ እንጨት ያወጡታል፤ በጥሬው ይበላል፣ ይቀቀላል፣ ወይም ደርቆ ይፈጭና እንደ ቂጣ ይጋገራል። በልማዱ የመጀመሪያው ምርት ለማዕድ ቀርቦ ምስጋና ሳይደርስበት ማንም ለጓዳው አይቆፍርም። ሥርዓቱ ዛሬም አልቀረም፤ ከፓርኩ ወደ ላይ፣ በኦሪገን በኩል ባለችው የሴሊሎ መንደር በየጸደዩ የሳልመንና የሥራሥር ግብዣ ይደረጋል።

ከመንደሯ ፊት ለፊት ሴሊሎ ፏፏቴ ነበር። ወንዶች ከሚናወጠው ውኃ በላይ በተሠራ የእንጨት መቆሚያ ላይ ሆነው፣ ረጅም እጀታ ባለው መረብ ሳልመን ይጨልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1957 የዘ ዳልስ ግድብ በሮች ተዘጉ፤ ውኃው በሰዓታት ውስጥ ፏፏቴውን ዋጠው። መንግሥት ለያካማ፣ ለዋርም ስፕሪንግስ፣ ለዩማቲላና ለኔዝ ፐርስ ነገዶች 26.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሳ ከፈለ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የወንዙ ወለል በድምፅ ሞገድ ሲቃኝ የፏፏቴው ዐለት እንዳለ ተገኘ።

በፓርኩ ያለው ሐይቅም የዚሁ ግድብ ልጅ ነው። ስሙ «የፈረስ ሌባ ሐይቅ» ነው፤ ያወጡለትም መልክዓ ምድሩ በካውቦይ ፊልም የሚታየውን የሌቦች መደበቂያ የመሰላቸው የግንባታው ሰዎች ናቸው ይባላል። እነርሱ ከመምጣታቸው እጅግ አስቀድሞ ስም ለነበረው ቦታ፣ ቀልድ ቢጤ ነው።

የግድቡ ውኃ ባሰመጠው ሸለቆ ግድግዳ ላይ የጥንት ቅርጾች ነበሩ፦ ባለ ትልቅ ቀንድ የዱር በግ፣ ጉጉት፣ ጨረር የከበበው ፊት። ውኃው ከመድረሱ በፊት ጥቂቶቹ ከዐለቱ ተፈልፍለው ወጡ፣ ብዙዎቹ ቀሩ። የተረፉት በግድቡ አጠገብ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ፓርኩ ተመለሱ። ቴማኒ ፔሽዋ የተባለው ደልዳላ የእግር መንገድ በእነዚህ ድንጋዮች ፊት ያልፋል።

ጻጋግላላል የምትባለው ግን ከቦታዋ አልተነሣችም። ተቀርጻ በቀይ ቀለም የተሞላች፣ ዓይነ ትልልቅ ፊት ናት። በተረቱ የመንደሩ አለቃ ነበረች። ተንኮለኛው ኮዮቴ፣ ያ የአሜሪካ ተኩላ መሳይ አውሬ፣ መጥቶ ሕዝቧን እንዴት እንደምታኖር ጠየቃት፤ መልካም ቤት መሥራትንና በደንብ መኖርን እንደምታስተምር ነገረችው። እርሱም ዓለም ሊለወጥ ነው፣ ሴቶችም ከእንግዲህ አለቃ አይሆኑም ብሎ፣ ሕዝቧን ለዘላለም እንድትጠብቅ ወደ ድንጋይ ለወጣት። አንዳንድ ጎብኝዎች ቅርጾቹን ስላበላሹ፣ ዛሬ እርሷን ማየት የሚቻለው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው።

ዓሣ የማጥመዱ መብት ከፏፏቴው ጋር አልሰመጠም። ነገዶቹ እ.ኤ.አ. በ1855ቱ ውል መሬታቸውን ሲለቁ፣ በለመዷቸው ቦታዎች የማጥመድ መብታቸውን ይዘው ቀሩ። ዊናንስ የተባሉ ወንድማማቾች በዚሁ አካባቢ የወንዝ ዳር መሬት ይዘው ያካማዎችን በከለከሉ ጊዜ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ውሉ ከባለርስትነታቸው በላይ ጸና። ስለዚህ በወንዙ ዳር ዛሬም የእንጨት መቆሚያ ይታያል፤ በማጥመጃው ወቅትም የነገዶቹ አባላት በጎዳናው አጠገብ ትኩስ ሳልመን ይሸጣሉ። ለመግዛት ያሰበ ጥሬ ገንዘብና በረዶ የያዘ ሣጥን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።