የከተማ ዛፍ የሚሰጠውና የማይሰጠው

የከተማ ዛፍ ዋነኛ ጥቅም ለነዋሪው ኦክስጅን ማምረት ነው የሚለው እምነት ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሲነገር ስለኖረ ማንም አይጠይቀውም። ዛፍ በፎቶሲንተሲስ፣ ማለትም በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግቡን በሚሠራበት ሂደት፣ ኦክስጅን እንደሚያወጣ እርግጥ ነው፤ ሆኖም ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን በመሆኑና ነፋስም ያለማቋረጥ ስለሚያዋሕደው፣ የመንገድ ዳር ዛፎች ቢበዙም ቢቆረጡም የሚተነፈሰው መጠን አይለወጥም። ስሕተቱ የሚያስቆጨው ትልቁን ጥቅም ስለሚሸፍን ነው።

ትልቁ ጥቅም ጥላና ትነት ነው። አስፋልትና ኮንክሪት ቀን ያጠራቀሙትን ሙቀት ማታ ስለሚለቁ ከተማው ከዙሪያው ገጠር ይልቅ ይሞቃል፤ ይህም የከተማ የሙቀት ደሴት ይባላል። ዛፍ ግን ፀሐይን መሬት ሳትደርስ ይከላከላል፤ በሥሩ የሳበውንም ውኃ በቅጠሎቹ ረቂቅ ቀዳዳዎች ወደ ተን ይለውጣል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ስለሚወስድ ቅጠሉም በዙሪያው ያለው አየርም ይቀዘቅዛል። ሽማግሌዎች ለሸንጎና ለዕርቅ ዋርካ ሥር መቀመጣቸው ይህን ጥቅም ከሳይንሱ ቀድሞ ያወቀ ልማድ ነው።

ዛፍ የመኪና ጭስን ሁልጊዜ ያጸዳል መባሉም ግማሽ እውነት ነው፤ ቅጠል አቧራ ቢይዝም፣ ረጃጅም ሕንፃዎች ባጠሩት ጠባብ መንገድ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ቅርንጫፍ ነፋሱን አግዶ ጭሱን ከእግረኛው ዘንድ ሊያቆየው ይችላል።

አረንጓዴ ስፍራ ለጌጥ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ደግሞ ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ጥናት ይፈትነዋል። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በሚገኝ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ 46 ሕሙማን መካከል በመስኮታቸው ዛፎችን ያዩት፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ካዩት ቀድመው ወጥተዋል፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም አነስተኛ ነበር።

ዛፍ ሁሉ አንድ ነው ማለትም ያሳስታል። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የማገዶና የግንባታ እንጨት እጥረት ያስጨነቃትን አዲስ አበባን ታድጓል፤ ያደገ ቅጠሉ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ግን ጥላው ስስ ነው። ከዚህ የባሰው፣ አንድ ያረጀ ዋንዛ ተቆርጦ ዐሥር ችግኝ ሲተከል ጉዳቱ ተካክሷል ብሎ ማሰብ ነው፤ ችግኞቹ ቢጸድቁ እንኳ ያንን ጥላ እስኪመልሱ ድረስ በዚያ መንገድ የሚመላለሱ ሕፃናት አድገው ይጨርሳሉ።