ያውቁ ኖሯል? ከቡታጋዝዎ ነበልባል ውኃ ይወጣል

12.5 ኪሎ ግራም ጋዝ የያዘ ሲሊንደር ተቃጥሎ ሲያልቅ 19 ሊትር ያህል ውኃ ይፈጥራል። ከነዳጁ ከራሱ የሚከብድ ውኃ መሆኑ ነው! ተን ሆኖ በመስኮት ስለሚወጣ ግን አያዩትም። ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ ድስት ሲጥዱ በውጭ በኩል ለአፍታ የሚታየው ላበት ከዚያው ነበልባል የመጣ ነው፤ ድስትዎ አላፈሰሰም።

ትርፉ የሚመጣው ከአየር ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቡቴን ብቻ ነው ብለን ብናሰላ፣ 12.5 ኪሎው ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 44.8 ኪሎ ኦክስጅን ይፈልጋል። የገባው በድምሩ 57.3 ኪሎ ነው። የሚወጣው ደግሞ 37.9 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና 19.4 ኪሎ ውኃ፤ ድምሩ ያው 57.3። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮይዚዬ በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ የገባውንና የወጣውን እንዲህ በሚዛን ማስተያየትን የሙያው መሠረት አድርጎታል።

ኦክስጅን ብቻውን አይመጣም። ያንን ሁሉ ለማግኘት ምድጃው 193 ኪሎ ገደማ አየር ይስባል፤ አየሩ ሳሳ ባለበት በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ከ200 ሜትር ኩብ በላይ ነው። አብዛኛው ናይትሮጅን ሲሆን፣ ሞቆ ከመውጣት በቀር በቃጠሎው እጁ የለበትም ማለት ይቻላል።

አየር ቢያንስስ? ድምሩ አሁንም ይገጥማል፤ የሚለወጠው የሚወጣው ነገር ነው። ከካርቦኑ ከፊሉ ድስት የሚያጠቁር ጥላሸት፣ ከፊሉም ሽታ የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል።