በሣጥን ያለው ጠገራ ብር፦ ሚዛኑ፣ ዋጋውና ዘካው



የዛሬው ርዕሳችን በየቤታችን ሣጥን ተቋጥሮ ስለሚቀመጠው ጠገራ ብር ነው። በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ እስከ በቆጂ፣ ከሁሩታ እስከ ሳጉሬ፣ ከእናት ወይም ከአያት የወረደ ማርትሬዛ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። አንዱ ቤት በአንገት ጌጥ ላይ አንጠልጥሎታል፤ ሌላው በጨርቅ ጠቅልሎ ለክፉ ቀን አስቀምጦታል። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶችም «ብዛቱ የተወሰነ ነው» ተብሎ የተሸጠላቸውን አዲስ የብር ሳንቲም ይዘው የሚመጡበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ሀብት ነው፤ ሀብት ደግሞ ሐቅ አለበት። ሐቁን ለማውጣት፣ ሲሸጥ ላለመታለል፣ ሲወረስም ላለመበዳደል አስቀድሞ ምንነቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ማርትሬዛን እንያት። በላይዋ የተቀረጸችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ሳንቲሟ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘች ከዚያ በኋላም ስትመታ ኖራለች። የቪየናው ማተሚያ ብቻ አይደለም የመታት። ሙሶሊኒ አገራችንን በወረረበት በ1935 እ.ኤ.አ. በሮም ማስመታት ጀመረ፤ ቀጥሎም በለንደን፣ በኋላም በቦምቤይ ተመትታለች። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል። ስለዚህ «1780 ይላልና ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ነው» የሚል ሻጭ ቢመጣ አትቸኩሉ። ዓመቱ የሳንቲሟን ዕድሜ አይናገርም።

የማርትሬዛ ዋና ዋጋዋ ብሯ ነው። አንዷ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው፤ በመሆኑም ንጹሕ ብሯ 23.4 ግራም ያህል ነው።

የዐፄ ምኒልክ ብር ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ በፓሪስ ተቀርጾ የወጣው በ1887 ዓ.ም. ነው። ክብደቱም የብሩ መጠንም ከማርትሬዛ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሕዝቡ የለመደው ማርትሬዛን ስለነበር ግን አልተካትም፤ የተመታውም ከእርሷ እጅግ ያነሰ ነው። ሁለቱ በሚዛን ላይ እኩል ቢሆኑም ሰብሳቢው ለምኒልክ ብር የበለጠ የሚከፍለው ለዚህ ነው። «ብዛቱ የተወሰነ» ማለት ትርጉም የሚኖረው ፈላጊ ሲኖር ነው። ፈላጊው ሲቀንስ የሚቀረው የብሩ ዋጋ ብቻ ነው። ከብሩ ዋጋ በላይ የምትከፍሉት ገንዘብ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል አውቃችሁ ግዙ።

አሁን ወደ ዘካው እንምጣ። በሱረቱ ተውባ 34ኛው አንቀጽ ወርቅና ብርን አከማችተው በአላህ መንገድ የማያወጡ ሰዎች ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል። የብር ኒሷብ 200 ዲርሃም ነው፤ በዘመናችን ሚዛን በርካታ ዑለማዎች 595 ግራም ንጹሕ ብር ብለው ያሰሉታል። 25 ማርትሬዛ 585 ግራም ገደማ ነው፤ ኒሷብ አይሞላም። 26 ሲሆን ግን 608 ግራም ገደማ ይሆናልና ይሞላል። ከውጭ የሚመጣው አንድ አውንስ የሚመዝን ንጹሕ የብር ሳንቲም 31.1 ግራም ስለሆነ 20 ሲደርስ ኒሷብ ይሞላል።

በዚህ መጠን ላይ አንድ የሒጅራ ዓመት ሲዞር ከ40 አንዱ ይወጣል። 40 ማርትሬዛ ያለው ሰው የአንዷ ሐቅ አለበት ማለት ነው። ብሩ ብቻውን ኒሷብ ባይሞላም ሌላ ጥሬ ገንዘብ ካለ ሁለቱ እንደሚደመሩ በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ይናገራሉ። ለንግድ፣ ማለትም አትርፎ ለመሸጥ የተገዛ ሳንቲም ከሆነ ደግሞ የሚታሰበው በገበያ ዋጋው ነው።

«እናቴ የምታጌጥበትስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በአካባቢያችን በሚታወቀው በሻፊዒይ መዝሀብ ሴት የምታጌጥበት የተፈቀደ ጌጥ ከልክ ካላለፈ ዘካ የለበትም። በሐነፊይ መዝሀብ ግን አለበት። ለመጠራቀሚያ በሣጥን የተቀመጠውን ግን ጌጥ ብሎ መጥራት ከዘካ አያድነውም።

በሽያጭ ጊዜም ሸሪዓዊ ደንብ አለ። ብር በብር ሲለወጥ በሚዛን እኩል፣ እጅ በእጅ መሆን አለበት። አሮጌ ማርትሬዛ ሰጥታችሁ ከአንጥረኛ አዲስ የብር ጌጥ በማበላለጥ አትለዋወጡ፤ መጀመሪያ ሽጡ፣ ገንዘቡን ተቀበሉ፣ ከዚያ ግዙ። በወረቀት ገንዘብ ሲሸጥም ክፍያው እዚያው ይፈጸም እንጂ በዱቤ አይሁን። ከመሸጣችሁ በፊት አስመዝኑ። እውነተኛዋ ማርትሬዛ በማግኔት አትሳብም፤ በጠርዟ ዙሪያም ጎላ ብለው የወጡ ፊደላት አሏት። በአሸዋ ወይም በአመድ አትፈትጓት፤ የተፈተገ ሳንቲም በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል።

በመጨረሻም የውርስ ነገር። እናት ስትሞት የእርሷ የነበረው ብር የጋራ ውርስ ነው። ዕዳና ኑዛዜ ከወጣ በኋላ ለወንዱም ለሴቷም አላህ በደነገገው ድርሻ ይከፋፈላል። «እኔ አስታምሜያታለሁ» ብሎ አንዱ ልጅ ቋጠሮውን ይዞ ቢሄድ የወንድም የእህቱን ሐቅ ወስዷል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሣጥኑን ክፈቱ፤ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ፣ የማን እንደሆነ ጻፉ፣ ምስክር አድርጉ። የደረሰባችሁን ዘካ አውጡ፤ በተጠራጠራችሁበት የአካባቢያችሁን ዑለማዎች ጠይቁ።

አላህ ሀብታችንን ያጥራልን፣ በረካም ያድርግበት። ወላሁ አዕለም።