ከእንጦጦ ዝናብ እስከ አቃቂ ጉድጓድ፦ የፍል ውሃ የከርሰ ምድር ጉዞ

በአዲስ አበባ አመሠራረት ታሪክ ፍል ውሃ የያዘው ስፍራ ከቤተ መንግሥቱ አያንስም፤ የንጉሥ ምኒልክ መኳንንትና ሠራዊት ከብርዳማው እንጦጦ እየወረዱ በፊንፊኔ ሜዳ በሚፈልቀው ሙቅ ውሃ ይታጠቡ ነበርና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በአቅራቢያው ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ይህ ብዙ ጊዜ የተጻፈ ሲሆን፣ ውሃውን ምን እንደሚያሞቀውና በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ካለው ከአቃቂ የመጠጥ ውሃ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ግን እምብዛም አይነገርም።

የሁለቱም መነሻ ዝናብ ነው። በእንጦጦና በአካባቢው ተራሮች ላይ ከሚጥለው ዝናብ ከፊሉ በዓለት ስንጥቆች ሰርጎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። የምድር ቅርፊት በአማካይ በየ1 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚሞቅ፣ በ16 ዲግሪ ገደማ የሰረገ ውሃ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ቢወርድ 70 ዲግሪ ይደርሳል፤ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ግን ቅርፊቱ ከአማካዩ ይበልጥ ስለሚሞቅ ያን ያህል መውረድ ላያስፈልገው ይችላል። የሞቀ ውሃ ክብደቱ ስለሚቀንስና ከተራራው የሚወርደውም ከኋላ ስለሚገፋው መውጫ ይሻል፤ መውጫውም የፍል ውሃ ስብራት የሚባለው፣ ማለትም ዓለቱ ተሰንጥቆ አንዱ ጎን ከሌላው የተንሸራተተበት፣ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋ መስመር ነው። የሂልተን ሆቴል መዋኛ ገንዳም ሙቀቱን የሚያገኘው ከዚሁ የተፈጥሮ ፍል ውሃ ነው።

ሙቀት የውሃውን ጠባይ ጭምር ይለውጣል። ትኩስ ውሃ በውስጡ ከሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሆኖ የእሳተ ገሞራ ዓለትን ማዕድናት ሲበላ ሶዲየምና ሲሊካ ይሟሙበታል፤ ካልሲየም ግን የኖራ ድንጋይ ማዕድን እየሆነ ከውሃው ይለያል። ፍሎራይድን ይዞ የሚያስቀረው ካልሲየም በመሆኑ፣ እርሱ ሲመናመን ፍሎራይድ በውሃው ውስጥ ይበረክታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ያለፈ ውሃ ለዓመታት ሲጠጣ ጥርስ እንደሚበልዝና ሲብስም አጥንት እንደሚጎዳ በስምጥ ሸለቆ መንደሮች በግልጽ ታይቷል። ሲታጠቡበት ግን ፍል ውሃ ሰውነትን ይጠቅማል፤ ሙቀቱ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ገንዳ ውስጥም ውሃው ሰውነትን ስለሚያነሳ በቁርጥማት የሚሠቃይ መገጣጠሚያ ሸክሙ ይቀልለታል።

አቃቂ ላይ ነገሩ ይለያል። በዚያ የተነጠፈው በዕድሜ ለጋ የሆነ ባዛልትና ስኮሪያ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የተተፋ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው፤ ውሃን እንደ ስፖንጅ ስለሚይዝና በቀላሉ ስለሚያሳልፍ የአቃቂ ጉድጓዶች ከአዲስ አበባ ዋና ዋና የመጠጥ ውሃ ምንጮች ተርታ ተሰልፈዋል። ከእነዚህ ጉድጓዶች የሚገኘው ውሃ በሙቀት ስላልተፈተነ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያመዝኑበታል፤ ለመጠጥም ይስማማል። ሆኖም ውሃን ያሳለፈ ቀዳዳ ብክለትንም ያሳልፋል፤ ታላቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክመው በዚሁ አካባቢ አልፈው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ መውረዳቸው እጅግ የሚያሳስበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በአቃቂ ጉድጓዶች የሚደረገው ምርመራ ሁለቱንም አቅጣጫ ይመለከታል፤ የውሃው ሙቀት፣ ሶዲየምና ፍሎራይድ አብረው ከፍ ካሉ ከጥልቅ የመጣ ውሃ እየተቀላቀለ መሆኑን ሲጠቁሙ፣ የናይትሬት መጨመር ደግሞ ብክለቱ ከመሬት ገጽ እንደወረደ ያመለክታል።