የቦዮ ወፍ ዋጋ ስንት ነው?

በሆሳዕና ገበያ በርበሬ፣ ስንዴና ቆጮ ዋጋ አላቸው። ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ በሻሾጎ ወረዳ ለሚገኘው የቦዮ ረግረግ ግን ዋጋ የሚቆርጥለት ነጋዴ ብዙም አይታይም። ለምን?

ሸቀጡ ሁለት ነው፤ ወፍና የወንዝ ምንጭ። አባያ ሐይቅ የሚገባውን የቢላቴን ምንጭ ፍለጋ በእግሩ ሽቅብ የወጣ እንግዳ አንድ ጉድጓድ አያገኝም። ወንዙን የሚሠሩት ከጉራጌ ተራሮችና ከሆሳዕና ዙሪያ ደጋ የሚወርዱ ጅረቶች ናቸው። በእንሰት ጓሮዎች መካከል ሲያልፍ በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚገኘውን፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ትልቅ ቁራ ያያል። ቁልቁል ቦዮ ሲደርስ ደግሞ ዋናው ዕቃ ይጠብቀዋል።

ይህም ‹ዋትልድ ክሬን› የሚባለው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ፣ ከአገጩ ሥር ነጭ ላባ የለበሱ ሁለት ሥጋዎች የተንጠለጠሉበት ወፍ ነው። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት አደጋ ተጋላጭ ተብሎ ተመዝግቧል። ጥንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድጉት አንድ ጫጩት ብቻ በመሆኑ የጠፋው ቶሎ አይተካም። ቦዮም እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የአገሪቱ ዋና ዋና የወፍ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

የደቡብ አፍሪካ ትምህርት

ሀዲያ ደቡብ አፍሪካን በደንብ ያውቃታል። ወደዚያ የተሰደዱ ልጆች የላኩት ገንዘብ በሆሳዕና ሕንፃ ሆኗል። ይኸው ወፍ በዚያም አገር ይኖራል፤ እዚያ ግን የገጠር ወጣቶች በወፍ አስጎብኝነት ሠልጥነው ከተመልካቹ ክፍያ ይቀበላሉ። ገንዘቡ መጥቷል፤ ሙያው ግን ገና አልተከተለውም።

የእግር ጉዞ ገበያ እንዳለው ከምባታም አሳይቷል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሀምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃዎች ተሠርተው እንግዳ ይወጣባቸዋል። ከዱራሜ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና ቦዮ ቢያያዝ የአንድ ቀን እንግዳ ሦስት ቀን ያድራል፤ አልጋ፣ ምግብ፣ ፈረስና መሪ ይከራያል።

ካፒታሉ እየታጠበ ነው

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ከተራቆተው ደጋ በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ረግረጉ ላይ ይተኛል። ዳር ዳሩን ደግሞ እርሻና ግጦሽ ይገፉታል። አርሶ አደሩን መውቀስ አይገባም፤ መሬቱን ቢያርስ በርበሬ ያገኛል፣ ለወፉ ቢተው ግን የሚከፍለው የለም።

ስለዚህ ሎጅ ለመሥራት የሚያስብ ባለሀብት ሒሳቡን ከቦዮ ዳር ሳይሆን ከምንጩ መጀመር ይኖርበታል። የደጋው እርከንና ችግኝ፣ የቦኖሻ ወጣቶች ሥልጠና፣ የአርሶ አደሩ ድርሻ ከሕንፃው በፊት የሚወጡ ወጪዎች ናቸው። አለዚያ ከፈረሱ ጋሪው ይቀድምና አልጋው ተነጥፎ ወፉ ይታጣል።