ዘር የሚበስልበት ቱቦ

ካራቆሬ ገበያ ላይ አውራ በግ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ወገቡን ይጫናል፣ ላቱን ይመዝናል። ቆለጡን የሚዳስሰው ግን ጥቂት ነው፤ ነውር ይመስለዋል። ለእርድ ከሆነ ግድ የለም። ለዘር ከሆነ ግን ዋናውን ነገር ሳያይ ገንዘቡን ከፈለ ማለት ነው።

ቆለጥ ከሆድ ወጥቶ የተንጠለጠለው ሙቀትን ሽሽት ነው። የበጉ ገላ 39 ዲግሪ ሲሆን ቆለጡ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ቀዝቀዝ ካላለ የዘር ሕዋስ በወጉ አይሠራም። ወደ ቆለጥ የሚወርደው ደም ወሳጅ ሥር በደም መላሽ ሥሮች ስለሚከበብ፣ ትኩሱ ደም ሙቀቱን ለሚመለሰው አስረክቦ ይደርሳል። ከረጢቱም ያልበዋል፤ በብርድ ይሰበሰባል፣ በሙቀት ይዘረጋል። የሚገርመው ደግሞ የከረጢቱ ቆዳ ብቻ ቢሞቅ እንኳ በጉ ማለክለክ ይጀምራል።

አንድ የዘር ሕዋስ በቆለጥ ውስጥ ተሠርቶ እስኪያልቅ 7 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ሲወጣ ጅራት አለው፤ መዋኘትም እንቁላል ማዳቀልም ግን አይችልም። የሚበስለው በቆለጡ ጎን ተጣብቆ በተጠቀለለው፣ ኤፒዲዲሚስ በሚባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። የሰው ቢዘረጋ 6 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የበግ ከዚያ እጅግ ይረዝማል። ሕዋሱ በዚያ መንገድ በራሱ አይሄድም፤ የቱቦው ግድግዳ እየገፋ ሁለት ሳምንት ያህል ያጓጉዘዋል። ቱቦው ፈሳሹን እየመጠጠ ሕዋሱን በፕሮቲን ያለብሰዋል።

መጨረሻው የኤፒዲዲሚስ ጅራት ነው፤ ከቆለጡ ግርጌ በእጅ ይዳሰሳል። የበሰለው ዘር እዚያ ሳይንቀሳቀስ፣ ጉልበቱን ቆጥቦ፣ ለሳምንታት በሕይወት ይቆያል። ከወጣ በኋላ ግን ይሮጣል፣ ቶሎም ይደክማል። ቃሊቲ ባለው የከብት ማዳቀያ ማዕከል የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

7 ሳምንትና ሁለት ሳምንት ሲደመር ሁለት ወር ገደማ ይሆናል። የይፋት አርቢ መያዝ ያለበት ይህን ቁጥር ነው። ከመንዝ ደጋ ወርዶ የሸዋሮቢት ሙቀት የመታው፣ ወይም አፍተግር ይዞት ያተኮሰው አውራ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። እሱ ድኖ ሲዘል፣ የተጠቁት በጎች ሳያረግዙ ይቀራሉ። ሰውም «መካን ነው» ብሎ ያርደዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለፈው ሙቀት ነው፤ ጥላና ውኃ አግኝቶ ሁለት ወር ቢታገሡት ይመለሳል። በተቃራኒው የተኮላሸ በግ የቀረ ዘር ሊኖረው ስለሚችል ለጥቂት ሳምንታት ከሴቶቹ ተለይቶ ይቆይ።

ሲገዙ ሁለቱንም ቆለጦች ይዳስሱ፤ እኩልና ጠንከር ያሉ ይሁኑ። ግርጌው ላይ ያለው ጅራት ካበጠ ወይም ከጠጠረ ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላል። በሽታው ወደ ሰውም ሊተላለፍ ስለሚችል እጅዎን ይታጠቡ፤ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው በጉን ከመንጋዎ አይቀላቅሉት።