ከበረት ወደ ዱር፦ የደስታ በሽታ ታሪክና ለዋልያ ያለው ትምህርት



ዛሬ የምናገረው በአገራችን «ደስታ» እየተባለ ስለሚጠራው የከብት በሽታ ነው። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ያየው ሰው በደስታ አያስታውሰውም። እናንተ ተማሪዎች በዚህ በሽታ የተያዘ ከብት አይታችሁ አታውቁም፤ ከምድረ ገጽ ጠፍቷልና። ታዲያ ስለ ጠፋ በሽታ መናገር ለምን አስፈለገ? የጠፋበትን መንገድ ማወቅ ገና ያልጠፋውን ለማጥፋት ስለሚረዳን ነው።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ አንድ የተሳሳተ እምነት ነበረኝ። በሽታው የሚኖረው በዱር ነው፤ ጎሽና ከርከሮ ያቆዩታል፤ ከብቱም ውኃ ሲወርድ ከእነርሱ ይቀበላል ብዬ አምን ነበር። እንዲህ የሚያስብ ብዙ ሰው ነበር። ይህ ጉዳት የሌለው ስሕተት አይደለም። ጥፋተኛው ዱሩ ነው ካልን፣ መፍትሔው የዱር እንስሳትን ማራቅ ወይም ማጥፋት ይሆናልና። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው፣ ቢያንስ በዚህ በሽታ ረገድ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ እንደነበረ ነው።

ከታሪኩ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1887 የኢጣልያ ጦር በምጽዋ ወደብ ካስገባቸው ከብቶች ጋር በሽታው ወደ አገራችን ደጋ ዘለቀ። ከብቶቻችን ከዚያ በፊት ስላላወቁት የሚቋቋሙበት አቅም አልነበራቸውም። ከአሥሩ ዘጠኙ ሳያልቁ እንዳልቀሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ የሞተበት ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ በዚያ ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው «ክፉ ቀን» የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን እንደጣሩ ይነገራል።

በሽታው በዚያ አልቆመም። ወደ ደቡብ እየወረደ እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ። በደረሰበት ሁሉ ከከብቱ ጋር ጎሹም፣ ቀጭኔውም፣ አጋዘኑም ረገፈ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የእነዚህ አገሮች ዱር ለበሽታው እንግዳ ነበር። ሞቱ የመጣበት ከበረት ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት የቫይረሱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የደስታ ቫይረስ የሰው ኩፍኝ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። ከታመመው እንስሳ ትንፋሽና ፈሳሽ በቅርበት ይተላለፋል፤ ከሰውነት ውጭ ግን ብዙ አይቆይም። የተያዘው እንስሳ ወይ ይሞታል ወይ ይድናል። የዳነው ዕድሜውን ሙሉ ዳግመኛ አይያዝም፤ ቫይረሱንም በሰውነቱ ደብቆ አይዞርም። ስለዚህ ቫይረሱ ለመኖር ዘወትር ያልተያዘ አዲስ እንስሳ ማግኘት አለበት። ጭድ ያለቀበት እሳት እንደሚጠፋ ሁሉ፣ አዲስ እንስሳ ያጣ ቫይረስም ይጠፋል። ይህን ጭድ ያለማቋረጥ የሚያቀርበው ደግሞ በየጊዜው ጥጃ የሚወለድበት፣ ከገበያ ገበያ የሚነዳው ብዙ የቤት ከብት ነው።

«የዱር መንጋውስ እጅግ ብዙ ቢሆን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በታንዛኒያ በሴሬንጌቲ ሜዳ ተገኝቷል። በዚያ ዊልደቢስት የተባሉት የዱር እንስሳት በትልልቅ መንጋ ይኖራሉ። ግልገሎቻቸው በየዓመቱ በደስታ በሽታ ያልቁ ነበር። ዋልተር ፕሎራይትና ባልደረቦቹ በኬንያ በሙጉጋ የሠሩትን ክትባት ጨምሮ፣ በአካባቢው ለሚኖሩ የቤት ከብቶች ክትባት በሰፊው ተሰጠ። ለዱር እንስሳቱ የተሰጠ ክትባት ግን አልነበረም። ሆኖም በሽታው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ 250,000 ይጠጋ የነበረው የዊልደቢስት ቁጥር በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከ1,000,000 በላይ ሆነ። ከብቱ ሲድን ዱሩም ዳነ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ክትባቱ ቢኖርም ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ሞቃትና መንገድ አልባ ወደሆኑት ቆላማ አካባቢዎች ማድረስ አዳጋች ነበር። ከዚያም ሙቀትን ተቋቁሞ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተዘጋጀ። በአፋር ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው፣ ክትባቱን ተሸክመው መንጋው ካለበት ድረስ በእግራቸው ተጓዙ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያው በአፋር ነው። ሥራውን ከፍጻሜ ያደረሰው የቤተ ሙከራው ዕውቀት ከአርብቶ አደሩ ዕውቀት ጋር መጣመሩ እንደሆነ አምናለሁ።

በዓለም የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 በኬንያ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በጎሽ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ከዱር እንስሳት የተወሰደው ደም ከበሽታው ነጻ መሆኑ ቫይረሱ በእርግጥ ስለመጥፋቱ ማስረጃ ሆነ። በተማሪነቴ የከሰስሁት ጎሽ በመጨረሻ ምስክር ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የበሽታው መጥፋት ለዓለም ታወጀ።

አሁን ወደ ዘመናችን ጉዳይ እመጣለሁ። የደስታ ቫይረስ ወንድም የሆነው፣ በጎችንና ፍየሎችን የሚገድለው «ደስታ መሰል» በሽታ ዛሬም በአገራችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሞንጎሊያ በበጎችና በፍየሎች ላይ ታየ። ብዙ ሳይቆይ ሳይጋ ወደተባሉት የዱር እንስሳት ተሻግሮ በአገሩ ከነበሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ፈጀ።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር ስሜን ተራሮች ትዝ ይሉኛል። በዓለም ሌላ መኖሪያ የሌላት ዋልያ በዚያ ትኖራለች፤ ቁጥሯ ጥቂት መቶ ብቻ ነው። የቤት ፍየል የቅርብ ዘመድ ናት፤ በጎችና ፍየሎችም እስከ ግጦሿ ድረስ ይደርሳሉ። በሽታው አንድ ጊዜ ቢገባ የሚተካ ሌላ መንጋ የለንም።

የዋልያ ጥበቃ እንግዲህ ከገደሉ ጫፍ ሳይሆን ከገበሬው በረት ይጀምራል። ለበጎችና ለፍየሎች ውጤታማ ክትባት አለ፤ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይከላከላል። ችግሩ በጎችና ፍየሎች ፈጥነው ስለሚራቡና ስለሚሸጡ ያልተከተቡት ቶሎ መብዛታቸው ነው። ስለዚህ ዘመቻው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይደለም። ለገበሬውም «ፍየልህን ከዋልያ አርቅ» ከማለታችን በፊት «ፍየልህን እናድንልህ» ልንለው ይገባል። የእርሱ ጥቅምና የዋልያ ሕይወት በአንድ መርፌ የሚጠበቁ ናቸውና።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ትውልድ አንድ በሽታ አጥፍቶ አስረክቧችኋል። ሁለተኛው የእናንተ ድርሻ ነው።